የጨረቃዋ ገመድ የሚታይበት ካሴት

አሶሳ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ካሴቱ ተገኝቷል።

ለወንድሜ ለአልአሚን፦ አላህ በሄድክበት ይጠብቅህ፤ የዚያ አገር ብርድም አጥንትህን አይንካው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባቴ፣ አጎትህ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሰግዳል። አይናገርም።

በስልክ ትቼ በፖስታ የምጽፍልህ ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። አምና በሰኔ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ጉሮሮውን ከፍተው የድምፁን ሳጥን ካወጡለት ወዲህ የቤታችን ስልክ የእሱ አፍ ሆኗል። የሚፈልገውን እየጻፈ ያሳየናል፤ የሚመጣውን መልእክት ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው እሱ ነው። በርታኛ መጻፍ ስለማይችል አባትና ልጅ በአማርኛ ነው የምንነጋገረው። እኔንም «አንተ» ይለኛል፤ አማርኛው ድሮም እንዲያ ነው። ስለዚህ ስለ ካሴቱ በስልክ አንዲት ቃል እንዳትልክ። መልስህን በምሠራበት ጤና ጽሕፈት ቤት ፖስታ ሳጥን ላክልኝ። መዝገብ ቤት ያለሁት እኔ ስለሆንኩ የሚመጣውን ፖስታ የምከፍተው እኔ ነኝ።

ካሴቱ የነበረው አባቴ ፊልም ያሳይበት የነበረው ቪዲዮ ቤት ሲፈርስ ዕቃው በተሰቀለበት የቀርከሃ ቆጥ ላይ ነው፤ የጄኔሬተሩ መወልወያ በነበረ ጨርቅ ተጠቅልሎ። ጀርባው ላይ የአባትህ የዐረብኛ ጽሕፈት አለ፤ «ደማዚን» የሚለውን የሱዳኑን ከተማ ስም ለይቼ አንብቤዋለሁ። በካሴቱ መስኮት ሳየው የጥቅልሉ አንዱ ጠርዝ ዱቄት የነሰነሱበት ይመስላል። አላጫወትኩትም። ከተማው ውስጥ የቀረው አንድ ማጫወቻ ነው፤ እሱም ካሴት ይበላል።

አንተ የጠየቅከኝ ፊልሙን ነው። እኔ ሦስት ቅዳሜ ቆጥ ላይ የወጣሁት ለፊልሙ አይደለም። አባቴ በየሳምንቱ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ፊልሙን እየተረጎመ መተረክ ሲሰለቸው ማይክራፎን ሰክቶ ድምፁን ካሴቱ ላይ መቅዳቱን ታስታውሳለህ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሠርግ መርቋል፣ ስንት ሰው አስታርቋል፤ አንድም ሰው አልቀዳውም። የዘመዶቹን ስልክ ሁሉ ፈትሻለሁ። ያገኘሁት አንድ ሳልና «በሩን ዝጉት» የሚል ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ አንድ ነው። ካሴቱን ብልክልህ የአባቴ ድምፅ ይመለስልኛል?

እህትህ ዐዋጢፍ


ቪየና፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለዐዋጢፍ፦ ጾማችሁን አላህ ይቀበላችሁ። አጎቴ ዐወድን ያሽርልኝ፤ እጃቸውን በእኔ ስም ሳሚልኝ። ደብዳቤሽ በሃያ ሦስት ቀኑ ደረሰኝ። አውቶቡስ በማጥብበት ጋራዥ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ አለቃዬ ሰው ሞቶብኝ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ።

ለዚህ ፊልም ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ አንድ ቀን ብትጠይቂኝ ብዬ እጠብቅ ነበር። አልጠየቅሽም፤ ቢሆንም ልንገርሽ።

እዚህ በወር አንድ እሁድ ከሰዓት በአንድ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች እንሰበሰባለን። አንዱ መድኃኒት ቀማሚ ነው፣ አንዷ ጡረታ የወጣች የባቡር ሾፌር ናት። ሁሉም ከእኔ ይበልጣሉ። የምናየው የልጆች ተረት ፊልም ነው፤ ለሲኒማ ሳይሆን ለቴሌቪዥን የተሠራ፣ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት አንዴ ወይ ሁለቴ ታይቶ የተረሳ። ድሃ ፊልሞች ናቸው። ተራራው ጆንያ ነው፤ ጨረቃዋ ስትወጣ የሚጎትታት ገመድ ይታያል። የዛሬው የልጆች ፊልም ሁሉም ነገር ተሟልቶለት ይመጣል፤ ልጁ ቁጭ ብሎ ከመቀበል ሌላ ሥራ የለውም። በእነዚያ ግን ገመዱን አይተሽ ጨረቃ ነው ብለሽ የምትስማሚው አንቺ ነሽ። ግማሹን ፊልም የሠራነው እኛ ነን። ደግሞም አንዴ ብቻ ያየሽውን ነገር ካደግሽ በኋላ ሕልም ይሁን እውነት አታውቂም። ሌላ ሰው «እኔም አይቼዋለሁ» ሲልሽ አንድ የጠፋ የሰውነትሽ ክፍል የተመለሰልሽ ያህል ነው።

የእኛን ፊልም አሥራ አንድ ዓመት ፈለግሁት። ታሪኩን በየስብሰባው እናገራለሁ፦ ቃናኒ የምትባል ልጅ አለች፣ ኬላ ላይ የቆመ ጆንያ የለበሰና ባልዲ የደፋ ግዙፍ ሰው የመንገደኛውን ጥላ ቀረጥ ብሎ ይቀማል፣ ጥላዋን ቀምቶ ያሳድዳታል። ማንም አያውቀውም። አምና ታሪኩን ትቼ ያየሁትን ብቻ ነገርኳቸው፤ ባልዲውን፣ ገመዱን፣ ሆዱ ውስጥ መብራት ያለውን የሚበር ዓሣ። አንዲት የሰማንያ አንድ ዓመት አሮጊት ተነሥተው «ያንን ጆንያ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ፊልሙን የሠራው ከዚህ ድንበር ማዶ የነበረ ትንሽ ጣቢያ ነው፤ ዛሬ የለም። በዚያ ዘመን ቴፕ ውድ ስለነበር ፊልሙን አጥፍተው ሌላ ቀድተውበታል። አባቴ በደማዚን ከቴሌቪዥን የቀዳው ካሴት እስካሁን የተገኘ ብቸኛ ቅጂ ነው። እዚህ አሮጌ ፊልም የሚያድስ ቤተ ሙከራ በነጻ ሊገለብጠው ተስማምቷል።

አደራሽን በምንም ማጫወቻ ውስጥ እንዳታስገቢው። ሻጋታው እንዳለ አንዴ ከዞረ ይላጣል። ከዚህ ጋር ያለውን የስምምነት ወረቀት ሦስተኛው መስመር ላይ ፈርመሽ ከካሴቱ ጋር በፈጣን ፖስታ ላኪልኝ፤ ዝናቡ ሳይገባ።

ስለጠየቅሽኝ ነገር በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ወንድምሽ አልአሚን


አሶሳ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአልአሚን፦ ሰላምታዬ ይድረስህ። ዒዱ በሰላም አለፈ።

አንድ ጥያቄ ነበር የጠየቅሁህ። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈህ አልመለስክልኝም።

ወረቀትህን እንግሊዝኛ የሚችል የሥራ ባልደረባዬ ቦዔዝ አነበበልኝ። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና «ይሄ ሰውዬ ዘመድሽ ነው ወይስ ጠበቃ?» አለኝ።

«ዘመዴ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ይበልጥ ተጠንቀቂ» አለኝ። ከዚያ በጣቱ እያሳየ ተረጎመልኝ። ካሴቱ የአባትህ ንብረት ነው ይላል። ቤተ ሙከራው የሚፈልገው ምስሉን ነው ይላል። ድምፁ በሌላ ይተካል ይላል።

ካሴቱን አባትህ ገዝቷል፤ አልክድም። አባትህ ከደማዚን በኩርሙክ ድንበር አሻግሮ ለአባቴ ሲሰጠው ግን ፊልሙን የሚረዳ ልጅ አሶሳ ውስጥ አልነበረም። በሩ ላይ «በትርጉም» የሚል ሰሌዳ ያንጠለጠለው አባቴ ነው። አንተ ጀሪካን ላይ ተቀምጠህ አፍህን ከፍተህ የሰማኸው የአባቴን ጉሮሮ ነው። ያ ጉሮሮ አሁን የለም።

አልፈርምም። መልስህን አጭር አድርገው። ድምፁ ይመለሳል ወይስ አይመለስም?

ሁለት ዝናብ ጥሏል።

ዐዋጢፍ


ቪየና፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዐዋጢፍ፦ ከሰላምታ በፊት ይቅርታ ልበልሽ። ሰላምታው ከይቅርታሽ በኋላ ይሁን።

አጭር መልስ ብለሻል። በወረቀቱ መሠረት አይመለስም ነበር። በጥር ወር፣ ካሴቱ ገና ሳይገኝ፣ ቤተ ሙከራው ፊልሙን ከሌሎች ሥራዎች እንዲያስቀድምልኝ ብዬ ፈርሜያለሁ። «ድምፁ የተበላሸ ነው» የሚል ቦታ ነበር። እሱም ላይ ፈርሜያለሁ። የአጎቴን ድምፅ ብልሽት ብዬ መፈረሜን የነገርኩት ሰው እስከዛሬ የለም።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሄጄ ተናገርኩ። የተስማሙት ይህን ነው። ካሴቱ በማሽናቸው ውስጥ የሚያልፈው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ መሥራቱን ማንም ዋስ አይሆንም። ሲያልፍ ምስልም ድምፅም ይገለበጣል። የድምፁ ባለቤት ከዚህ ጋር በላክሁት አዲስ ወረቀት ሦስተኛው መስመር ላይ በእጁ ፈርሞ ከፈቀደ ፊልሙ በሁለት መልክ ይቀመጣል፤ አንዱ በአገሩ ቋንቋ እንደገና ተነግሮ፣ ሁለተኛው በአጎቴ ድምፅ፣ በስማቸው። ሁለቱንም ሰው ያያቸዋል። ካልፈረሙ ሕጋቸው ስለማይፈቅድ ድምፁን ከቅጂው ያጠፉታል፤ ለአንቺም አይሰጡሽም። ለልጃቸው ብቻ ይሰጥ ብዬ ሁለት ጊዜ ለምኛለሁ። የመጨረሻው ቀን ሰኔ 30 ነው። ማሽኑን የሚያውቀው ባለሙያ በማግስቱ ጡረታ ይወጣል፤ የሚተካው የለም።

ሌላም አለ። ይህን ባልጽፈው ደስ ባለኝ።

ልብስ ሰፊዋ አሮጊት የፊልሙን ጽሑፍ አስቀምጠውት ኖሯል። ተተርጉሞልኝ አነበብኩት። ኬላ የለም። ቀረጥ የለም። ባልዲ የደፋው ሰው የእርሻ ማስፈራሪያ ነው፤ ጥላዋን አልቀማትም። ጥላዋን ጥላ የሄደችው ልጅቱ ናት፤ እሱ ሊመልስላት ነው የሚሮጠው። ስሟም ቃናኒ አይደለም። ስም የላትም፤ ጽሑፉ ላይ «ልጅቱ» ነው የሚላት።

በሱዳን ቴሌቪዥን የዐረብኛው ትርጉም ከሥር ይጻፍ ነበር። በእኛ ካሴት ግን የምስሉ የታችኛው ክፍል እንደ ዝናብ ይንሿሿ እንደነበር ታስታውሻለሽ። አጎቴ የሚያነቡት ነገር አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሌለ ፊልም ስፈልግ የቆየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ፈቃዱን መጠየቅ ያለብሽ እሳቸውን ነው። እኔ ብጠይቅ አፍራለሁ።

አልአሚን


አሶሳ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአልአሚን፦ ሰላም ላንተ ይሁን። ይቅርታውን ተቀብያለሁ፤ ከቂም ጋር ለዐረፋ መድረስ አልፈልግም።

ለአባቴ ነገርኩት። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ካሴቱን ጭኑ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቤተ ሙከራውን፣ ቀኑን፣ ፊርማውን። እስከዚያ ድረስ ፊቱ በርቶ ነበር። ስለ ጽሑፉ ስነግረው ስልኩን አነሣ።

«ታሪኩን ማን ነገረው?» ብሎ ጻፈ።

«ልብሱን የሰፉት ሴትዮ ጋ ተገኘ፣ አባ።»

መልሶ ጻፈ። «ዐረብኛው አይታይም ነበር። ሰው ሞልቷል። ጄኔሬተሩ ተነሥቷል። ምን ላድርግ?»

«ምንም አላጠፋህም። ልጆች ነበርን። ዛሬ ማን ይቀየምሃል?»

«ዱጋሳ» ብሎ ጻፈ።

ዱጋሳን አትረሳውም፤ ቤተሰቦቹ ከወለጋ የመጡት፣ ከፊታችን ተቀምጦ ጭንቅላቱ ይከልለን የነበረው። ዛሬ ገበያው ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ይሠራል። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ ሲወልድ ቃናኒ ብሎ ስም አወጣላት። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው። እኔ የማላውቀውን አባቴ ጻፈልኝ፤ እንደጻፈው እገለብጥልሃለሁ።

«ስም ሳያወጣ እኔ ጋ መጣ። የፊልሙ ልጅ ስም እውነት ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። በፊት ስዋሽ እሱ ልጅ ነበር፣ እኔ ሥራዬ ነበር። ያን ቀን እሱ አባት ነው፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። የሰው እርቅ በቃሌ የቆመ ነው።»

«ታዲያ ካሴቱስ?» አልኩት።

«ተወው» ብሎ ጻፈልኝ። ካሴቱን አንሥቶ ወደ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋው።

ስምንት ቀን ሆነ። አልጮህኩበትም፤ የማይመልስ ሰው ላይ መጮህ ነውር ነው። ግን ቶሎ እንድታውቀው ይህን በፈጣን ፖስታ ልኬልሃለሁ፤ አልፈረመም። በየቀኑ ከሰዓት ይዘንባል፤ ክፍሉ ደግሞ ጣሪያው ያፈሳል።

ዐዋጢፍ


ቪየና፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
(በስልክ ፎቶ የተላከ)

ለክቡር አጎቴ ለሼኽ ዐወድ፦ እጅዎን እስማለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ይህን በእርስዎ ስልክ የላክሁት ከእርስዎ ተደብቄ መጻፍ ስላቃተኝ ነው።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ድምፅዎን የተበላሸ ብዬ ፈርሜያለሁ። እርስዎ ባይፈርሙ አልፈርድብዎትም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እዚህ ያሉት ሰዎች እውነተኛውን ታሪክ ሲያነቡ ደስ አላቸው። ከዚያ ባቡር ሾፌር የነበረችው ሴት «የአንተስ አጎት ኬላ ጠባቂው ሲያሳድዳት መጨረሻው ምን ሆነ?» አለችኝ። ነገርኳት፦ ቃናኒ ዞር ብላ «ቀረጡን ከፍያለሁ፣ ደረሰኝ ስጠኝ» አለችው፤ እሱም ደረሰኝ ስላልነበረው ጥላዋን መለሰላት። ምድር ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። የአሶሳ ልጆች የሳቅነውን ሳቅ ነው የሳቁት።

ውሳኔው የእርስዎ ነው።

የወንድምዎ ልጅ አልአሚን


አሶሳ፣ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአልአሚን፦ አላህ ደግ ወሬ ያሰማህ። እኔ የምጽፍልህ ደግ ይሁን ክፉ ገና አልታወቀም።

አባቴ ደብዳቤህን አራት ጊዜ አነበበው። ከዚያ «ዱጋሳን ጥራው» ብሎ ጻፈልኝ። ትናንት እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣ፤ የእሁድ ኮቱን እንደለበሰ። አባቴ የሚናገረውን እኔ ከስልኩ እያነበብኩ እንዳሰማለት ከመሀላቸው ተቀመጥኩ።

«ምነው፣ ሽማግሌው ዛሬ በሰው አፍ መጣህብኝ» አለው ዱጋሳ፤ አማርኛው አንቱታ አያውቅም። «ልጅ ልትድር ነው?»

አባቴ ጻፈ። አነበብኩት፦ «የፊልሙ ልጅ ስም ቃናኒ አልነበረም። እኔ ያወጣሁት ነው። ስትጠይቀኝ ተሳስቼ ነበር።»

አባቴ በምርኩዙ የአግዳሚውን እግር መታው። ደነገጥኩ። ስልኩ ላይ ያለው «ዋሽቼሃለሁ» ነበር። «ተሳስቼ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ አስቤም አይደለም፤ አፌ ላይ እንዲያ ሆኖ መጣ።

«ምን አለ? ያለውን አንብቢው» አለኝ ዱጋሳ።

«ዋሽቼሃለሁ ነው ያለው።»

ዱጋሳ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። «እሺ፣ ስሟ ማን ነበር?» አለ።

«ስም የላትም» አልኩት።

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ። ልጅቱ ነው የሚላት።»

አጭር ሳቅ ሳቀና አቋረጠው። «የእኔዋ ክፍል ውስጥ ተነሥታ ተናግራዋለች። ስሜ የፊልም ስም ነው ብላ። መምህሯ አስጨብጭባላታለች። ምን ልበላት?»

አባቴ ጻፈ፤ አጠፋ፤ እንደገና ጻፈ፤ አጠፋ። በመጨረሻ ባዶውን ስልክ ለዱጋሳ ዘረጋለት። ዱጋሳም ተቀብሎ አየው፤ መለሰለት። ስለ ካሴቱና ስለ ፊርማው እኔ ነገርኩት።

«ስማ ዐወድ» አለው። «ለእኔ ከሆነ ይቅር ብዬሃለሁ፤ እዚሁ፣ አሁን። ስሙ ግን የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው። እናቷና እኔ እንነግራታለን። አሁን ፈተና ላይ ናት፤ ሐሙስ ትጨርሳለች። ያን ቀን ነግረናት ይዘናት እንመጣለን። ካሴቱ ይውጣ ካለች ፈርም። አይውጣ ካለች አትፈርም።»

አባቴ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። በእኛ ዘንድ ይህ ቃል ነው፤ ከዚህ በኋላ ማንም አይለውጠውም። እኔ «የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት» ልል አፌን ስከፍት ዐይኑን አየሁትና ዘጋሁት።

ዱጋሳ ሲወጣ ተከትዬው ነበር። ልጅቷን ለአንድ አፍታ ባናግራት፣ ያ ድምፅ ለእኔ ምን እንደሆነ ብነግራት ብዬ። አባቴ ከኋላዬ እጁን አጨበጨበ፤ የሚጠራኝ እንዲያ ነው። ስልኩ ላይ «ወደ ልጁ እንዳትሄድ» ብሎ ጽፏል። አልሄድኩም። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ከጓደኞቿ ጋር ደብተር ይዛ አየኋት። ሰላም አለችኝ። ሰላም ብያት አለፍኩ።

ካሴቱን ዛሬ ጠዋት አሳይቶኛል። ዱቄቱ ሁለተኛውን ጠርዝም ይዟል። ጽሕፈት ቤቱ ከሚያስመጣቸው መድኃኒቶች ሳጥን ውስጥ ያለውን እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ሰብስቤ አጠገቡ አስቀምጫለሁ። አዲሱ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ሦስተኛው መስመር ባዶ ነው።

ፖስታ ቤት ጠይቄያለሁ። ፈጣን ፖስታ በአዲስ አበባ በኩል ቪየና ለመድረስ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቀን ይፈጅበታል። ለሰኔ 30 የሚደርሰው የመጨረሻው ፖስታ ዓርብ ሰኔ 20 ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚነሣው ነው።

ቃናኒ የምትመጣው ሐሙስ በአሥር ሰዓት ነው።

እህትህ ዐዋጢፍ